ወንበር ያልተተከለለት ትምህርት፦ የጎልማሶች ትምህርት ታሪክ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ

ከአዲስ አበባ በጅማው፣ በአምቦው ወይም በጎጃሙ መንገድ የወጣ መንገደኛ ከከተማዪቱ ወሰን እምብዛም ሳይርቅ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ያገኛል። ትናንት የገበያና የመንገድ ማረፊያ የነበሩት እነዚህ ሦስት ከተሞች፣ ዛሬ ፋብሪካው፣ መጋዘኑና የኪራይ ቤቱ በዝቶባቸው፣ ከሩቅ አገር ሥራ ፍለጋ የመጣው ወጣትና እርሻውን ለከተማ የለቀቀው ገበሬ በአንድ ሰፈር የሚኖሩባቸው ሆነዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም ሸገር በተባለው ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል። በነዚህ ከተሞች ዕድሜው ከገፋ በኋላ ፊደል ለመቁጠር፣ ሒሳብ ለመማር፣ ወይም እንጀራ የሚያበላ ሙያ ለመጨበጥ የሚሻ ሰው ብዙ ነው። የዚህን ሰው የትምህርት ታሪክ ለሚመረምር አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል፤ ይኸውም በአገራችን የተፈራረቁት መንግሥታት ሁሉ ስለ ጎልማሳው ትምህርት ዐዋጅ ማስነገራቸው፣ ሠራዊት አስከትተውም መዝመታቸው፣ ነገር ግን ለጎልማሳው ቋሚ ቤትና ቋሚ መምህር በመስጠት ረገድ እጃቸው አጥሮ መቅረቱ ነው።

ጥንተ ነገሩን ለማወቅ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሳይመጣ ወደ ነበረው ጉባኤ ቤት መመለስ ይገባል። በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ትምህርት የሕፃናት ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ፊደሉንና ዳዊቱን በልጅነቱ የጨረሰው ተማሪ ዜማውን፣ ቅኔውንና የመጻሕፍቱን ትርጓሜ ለመከተል ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው እየተሻገረ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ቁራሽ እየለመነ፣ ጢሙ እስኪያድግና ራሱ ሽበት እስኪያወጣ ድረስ ከመምህሩ እግር ሥር ይቀመጥ ነበር፤ ተማሪውም ስለ ዕድሜው አያፍርም፣ መምህሩም ስለ ዕድሜው አይመልሰውም። ከሁሉ የሚደነቀው ግን የቤቱ ጽናት ነው። መምህሩ ቢያርፍ ደቀ መዝሙሩ ወንበሩን ይወርሳል፤ ነገሥታት ቢለዋወጡ፣ ጦርነትና ረኃብ ቢፈራረቁ፣ ወንበር በተተከለበት ደብር ተማሪ አይጠፋም። በእስልምናውም ወገን ቁርኣን የሚቀራበት ቤት በሼኹ ትጋት ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላልፏል።

ይህም ሲባል ጉባኤ ቤቱ ለሰው ሁሉ የተከፈተ ነበር ለማለት አይደለም። ሴቶች ከጥቂቶች በቀር በቅኔው ቤት አልታዩም፤ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው በእጁ ሥራ ይናቅ ስለ ነበር መጽሐፍና ሙያ ተለያይተው ኖሩ፤ በሰበታና በሱሉልታ ሜዳ የሚያርሰውና ከብት የሚያረባው፣ ቋንቋው ኦሮምኛ የሆነው ገበሬ ደግሞ በእናቱ ቋንቋ የሚያስተምረው አላገኘም። በ19ኛው ምእት ዓመት ማብቂያ ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ በምፅዋ አቅራቢያ በምንኩሉ የኦሮምኛ የንባብ መጻሕፍት በግእዝ ፊደል ሲያዘጋጅ፣ ይህ ጉድለት እንደሚሞላ ተስፋ የሚሰጥ ሥራ ነበር፤ ሆኖም ከአዲስ አበባ ዙሪያ ገበሬ እጅ ሳይደርስ ብዙ ዘመን አለፈ።

ዘመናዊው ትምህርት በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲጀመር ዐላማው ለቤተ መንግሥቱ ቋንቋ ዐዋቂዎችን ማፍራት ስለ ነበር፣ ጎልማሳውን የሚመለከትበት ምክንያት አልነበረውም። የጎልማሳው ነገር የታሰበው ከጠላት ወረራ በኋላ፣ ቢሮው ጸሓፊ፣ ጋራዡ መካኒክ፣ ሠራዊቱ ማንበብ የሚችል የበታች ሹም ባጣ ጊዜ ነው። በ1934 ዓ.ም. ተግባረ እድ የተባለው የሙያ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1940 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ «ብርሃንህ ዛሬ ነው» የተባለው የማታ ትምህርት ቤት ተመሥርቶ፣ ቀን በሥራው ላይ የዋለው ሰው ፀሓይ ስትጠልቅ ደብተሩን ይዞ የሚቀመጥበትን ልማድ በከተማዪቱ አስጀመረ። በእኔ ግምት በዚህ ትምህርት ታሪክ ውስጥ ከዐዋጆቹ ሁሉ ይልቅ ይህ የማታ ትምህርት ልማድ ከፍ ያለ ዋጋ አለው፤ በአገራችን ያለው ብዙ መምህር፣ ብዙ ነርስ፣ ብዙ የሒሳብ ሠራተኛ በማታ ተምሮ ለወግ የበቃ ነውና። ነገር ግን የማታው ትምህርት ቤት የአዲስ አበባ ነበር፤ ማታ ከአዲስ አበባ ተምሮ ወደ ቡራዩ ወይም ወደ ሱሉልታ የሚመለስበት መጓጓዣ የሌለው ሰው ከዚህ ጸጋ ተለይቶ ቆየ።

በ1948 ዓ.ም.፣ የንጉሠ ነገሥቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የብር ኢዮቤልዩ በተከበረበት ዘመን፣ ዕድሜው ከ18 እስከ 50 ዓመት የሆነ ማንበብና መጻፍ የማይችል ዜጋ ሁሉ በትርፍ ጊዜው ፊደል እንዲማር የሚያሳስብ ዐዋጅ ወጣ። ዐዋጁ ሐሳቡ የተቀደሰ ነበር፤ ይሁን እንጂ ማን እንደሚያስተምር፣ በየትኛው ቤት፣ በማን ገንዘብ እንደሚያስተምር በበቂ ስላልተደነገገ፣ ሥራው በበጎ ፈቃደኞች ትከሻ ላይ ወደቀ። የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየምሥራች ድምፅ ስም ያካሄደችው የመሠረተ ትምህርት ሥራ ከነዚህ ዋናው ነው፤ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮም የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች አንድ ዓመት ወደ አገሩ ውስጥ ወጥተው እንዲያገለግሉ ሲደረግ፣ ብዙዎቹ ቀን ልጆችን፣ ማታ ደግሞ የልጆቹን አባቶች ያስተምሩ ነበር።

በዚሁ ዘመን ሰበታ ከሁለቱ እኅት ከተሞቿ ቀድማ የቋሚ ተቋማት መቀመጫ ሆነች፤ ስለዚህም ነገር ጥቂት ማተት ያስፈልጋል። አንደኛው በንጉሠ ነገሥቱ በጎ አድራጎት የቆመው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ዘመን ዓይነ ስውር የሆነ ሰው በደብር ደጅ ቆሞ ከመለመን፣ ወይም ቃሉን በቃሉ አጥንቶ መዘምር ከመሆን በቀር ሌላ የኑሮ በር ያልተከፈተለት ሲሆን፣ ይህ ቤት በብሬል ነጠብጣብ ፊደሉን በጣት እያስነበበ መምህራንንና የሕግ ዐዋቂዎችን አፈራ፤ በኋላም በዚያው በሰበታ ልዩ ፍላጎት ላላቸው ተማሪዎች መምህራንን የሚያሠለጥን ኮሌጅ ተቋቋመ። ሁለተኛው የጌቴሴማኒ ቤተ ደናግል ጠባባት ነው፤ በዚህ ገዳም መነኮሳይያቱ ወላጅ የሌላቸውን ሴቶች ልጆች እያሳደጉ ከጸሎትና ከንባብ ጋር የእጅ ሥራን አስተምረዋል፤ ጉባኤ ቤቱ ለያይቷቸው የነበሩት መጽሐፍና ሙያ በአንድ ጣሪያ ሥር የተገናኙት እዚህ ነው።

ሦስተኛው በሰበታ አጠገብ በአለምገና የሚገኘው የመንገድ ሥራ ማሠልጠኛ ነው። በ1943 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥት መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም፣ መንገዱን የሚቀድዱት መሣሪያዎች ከውጭ ቢመጡም የሚነዳቸውና የሚጠግናቸው ሰው ግን ከውጭ እየመጣ የሚዘልቅ አልሆነም። ስለዚህ ከቀን ሠራተኛነት የተነሣውን ሰው ዶዘርና ግሬደር ነጂ፣ መካኒክ፣ የአፈርና የጠጠር መርማሪ አድርጎ የሚያወጣ ማሠልጠኛና መፈተኛ በአለምገና ቆመ፤ ኋላም በአምቦው መንገድ ከሆለታ ወዲያ በጊንጪ፣ በሰው ጉልበት የሚሠራ መንገድን የሚመለከት ሌላ ማሠልጠኛ ተጨመረለት። ወደ አለምገና የሚገባው ሠልጣኝ ሕፃን አይደለም፤ ሚስትና ልጆች ያሉት፣ ደመወዙ የሚታሰብለት፣ የተማረውን በማግስቱ በመንገዱ ላይ የሚሠራበት ሰው ነው። ንጉሡ ወርዶ ደርግ ሲመጣ፣ ደርግም ወርዶ ሌላ መንግሥት ሲተካ የአለምገናው ቤት አልተዘጋም፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ አገሩ መንገድ መሥራቱን አላቆመም፣ መሥሪያ ቤቱም የሚያሠለጥነውን ሰው ራሱ ይፈልገው ነበር። ቀጣሪው፣ በጀቱና መምህሩ በአንድ ግቢ ውስጥ ሲገኙ የጎልማሳው ትምህርት እንደሚጸና ከዚህ የተሻለ ማስረጃ በአካባቢው የለም።

ይህንኑ ሐሳብ ዓለምም በጊዜው ይመክርበት ነበር። በ1958 ዓ.ም. መባቻ የትምህርት ሚኒስትሮች በቴህራን ተሰብስበው፣ ንባብ ከሥራ ጋር ካልተጣመረ ፍሬ እንደማያፈራ ከተስማሙ በኋላ ዩኔስኮ 11 አገሮችን መርጦ ሙከራ ሲጀምር ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። በጭላሎ፣ በወላይታና በጅማ ገበሬው ስለ ዘርና ማዳበሪያ፣ ስለ ቡና አያያዝ እየተማረ በዚያው ፊደሉን እንዲለይ ተደረገ። ውጤቱ ከተጠበቀው በታች ሆነ፤ ዩኔስኮም ራሱ በኋላ ባወጣው ግምገማ ድካሙን አልሸሸገም። መንገዱ ግን የቀና ነበር፤ ጊዜ ቢሰጠው ኖሮ እየተሻሻለ በሄደ ነበር ብዬ አምናለሁ። አብዮቱ ግን ጊዜ አልሰጠውም።

አብዮቱ ይዞ የመጣው ዘመቻን ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲጀመር ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተከተቱ፤ ነገር ግን ዘማቹ መሬት ሲያከፋፍል፣ ማኅበር ሲያደራጅና ከአሮጌው ባለሥልጣን ጋር ሲጋጭ የፊደሉ ነገር ወደ ኋላ ቀረ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ግን ከርሱ የተለየ፣ በስፋቱም በታሪካችን አቻ የሌለው ነው። በእኛ አቈጣጠር በ1953 ዓ.ም. በኩባ የተደረገውን የመሰለ፣ ሕዝብን ከዳር እስከ ዳር የሚያንቀሳቅስ ሥራ ነበር፤ መጀመሪያ በከተሞች፣ ቀጥሎም በገበሬ ማኅበራት እየተስፋፋ፣ ማንበብ የሚችለው ሁሉ ለማይችለው እንዲያስተምር አደረገ። በቀበሌው አዳራሽ፣ በዛፍ ጥላ፣ ገበሬው ራሱ ባቆመው ዳስ ውስጥ አያት ከልጅ ልጇ ጋር ተቀምጣ ሀሁ ትቈጥር ነበር። በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ ወደ 15 ቋንቋዎች ያደገ ሲሆን፣ ኦሮምኛ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበረ፤ በሰበታና በሱሉልታ ዙሪያ ያለው ገበሬም በገዛ ቋንቋው የተጻፈ መጽሐፍ በመንግሥት ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ያን ጊዜ ነው። በ1972 ዓ.ም. ማብቂያ ዩኔስኮ ስለዚህ ሥራ የዓለም አቀፉን የንባብ ማኅበር ሽልማት ለኢትዮጵያ ሰጠ።

የዚህን ዘመቻ ትሩፋት መካድ ግፍ ነው። በስሟ መፈረም ባለመቻሏ ጣቷን ቀለም ታስነካ የነበረች እናት ስሟን ጻፈች፤ ይህ ለእርሷ ከሽልማቱ ይበልጣል። ዳሩ ግን ዘመቻ በባሕርዩ የሚጀመርና የሚያልቅ ነው። ከመሠረተ ትምህርት በኋላ ገበሬው ንባቡን እንዳይረሳ የንባብ ክፍሎች ተከፍተው ነበር፤ ሽመናን፣ ብረታ ብረትን፣ እንጨት ሥራንና ልብስ ስፌትን የሚያስተምሩ የማኅበረሰብ ክህሎት ማሠልጠኛ ማእከላትም በየወረዳው ተሠርተው ነበር። የእርስ በርስ ጦርነቱ የመንግሥቱን ጥሪትና ወጣቱን እየበላ ሲሄድ፣ የቀበሌውም ግፊት ትምህርቱን ከስብሰባና ከመዋጮ ጋር ሲያዳብለው፣ ሕዝቡ ልቡ ራቀ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ የንባብ ክፍሎቹ ተዘጉ፤ ከማሠልጠኛዎቹም ብዙዎቹ ያለ ባለቤት ቀርተው ፈረሱ ወይም ለሌላ አገልግሎት ዋሉ። የዳሱ መምህር ተማሪ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ነበርና ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ወንበሩን የሚወርስ ደቀ መዝሙር አልተወም።

በዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገር ታከለ። በ1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ ቁቤ በተባለው፣ እንዲጻፍ ሲወሰን፣ ለልጆቹ ትምህርት ታላቅ በር ተከፈተ፤ ለቋንቋውም ክብርና ስፋት ሆነ። ነገር ግን በዘመቻው ጊዜ ኦሮምኛን በግእዝ ፊደል የተማረው ጎልማሳ በአንድ ሌሊት እንደገና ማንበብ የማይችል ሰው ሆነ፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ይዞት የሚመጣውን ደብተር ለማንበብ፣ በቀበሌው ደጅ የተለጠፈውንም ማስታወቂያ ለመረዳት ሁለተኛ ጊዜ መማር አስፈለገው። ውሳኔውን ለመንቀፍ አይደለም ይህን ማንሣቴ፤ እነዚህን ሰዎች ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው የሚያሻግር ቤት አለመኖሩ ግን ሊታዘንለት የሚገባ ጉድለት ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መደበኛ ያልሆነውን ትምህርት ቢጠቅስም፣ የመንግሥቱ ዐቅም በልጆች ትምህርት ላይ ስለ ዋለ ጎልማሳው ከ10 ዓመት በላይ በቂ ትኩረት ሳያገኝ ቆየ። በ2000 ዓ.ም. ብሔራዊ የጎልማሶች ትምህርት ስትራቴጂ ተነደፈ፤ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮም የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት የተባለው መርሐ ግብር ሥራ ጀመረ። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 60 ዓመት ለሆኑ ሰዎች በሁለት ዓመት ንባብን፣ ጽሕፈትንና ስሌትን ከጤና፣ ከእርሻ፣ ከቁጠባና ከንግድ ትምህርት ጋር አጣምሮ ለመስጠት፣ ትምህርት፣ ግብርና፣ ጤና፣ የሴቶችና የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች አብረው እንዲሠሩ ታሰበ። ሐሳቡ የቴህራኑ ጉባኤ ሐሳብ ነው፤ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ተመለሰ።

ሥራው እንዴት እንደሚከናወን ያየ ሰው ግን ድካሙን ይረዳል። ትምህርቱ የሚሰጠው ሕፃናቱ ከክፍል ከወጡ በኋላ ነው፤ ትልቁ ሰው ለልጅ በተሠራ አግዳሚ ላይ ጉልበቱን አጥፎ ይቀመጣል። አመቻች የሚባለው መምህር አብዛኛውን ጊዜ ትምህርቱን በቅርቡ የጨረሰ ወጣት ነው፤ የሚያስተምራቸውን «ኦቦ» እና «አዴ» እያለ በአክብሮት ይጠራል፣ ቢያረፍዱም ሊገሥጻቸው አይደፍርም፤ የሚከፈለው አበል ግን ኑሮውን ስለማይችል የተሻለ ሥራ ባገኘ ቀን ይሄዳል። መኸር ሲደርስ፣ በዓል ሲበዛ፣ የቀን ሥራ ሲገኝ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ይህንን የተረዱ ወገኖች በቅርብ ዓመታት የማኅበረሰብ መማማሪያ ማእከላት የሚባሉ ቋሚ ቤቶችን በልዩ ልዩ ክልሎች ማቆም ጀምረዋል። ጅምሩ ደግ ነው፤ እስካሁን ግን ከሚያስፈልገው እጅግ ያንሳል።

የከተሞቹ ነገር ደግሞ ከገጠሩ ይለያል። በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ ሰበታ 50 ሺህ የማይሞላ ሕዝብ ነበራት፤ ከዚያ ወዲህ የጨርቃ ጨርቁ፣ የአበባው፣ የመጠጡና የብረታ ብረቱ ሥራ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውም የጅቡቲ ምድር ባቡር መነሻ መሆኗ፣ ሰውን ከአራቱም ማእዘን ጠርቶባታል። ሱሉልታም ከሣር ሜዳነቷና ከወተቷ ወደ ፋብሪካና ወደ መኖሪያ መንደር ተለውጣለች፤ የቡራዩ ነዋሪም በየማለዳው ወደ አስኮና ወደ ዊንጌት ይጎርፋል። መሬቱን በካሣ የለቀቀው ገበሬ ገንዘቡ ሲያልቅ የሚያውቀው እርሻን ብቻ ነው፤ ከፋብሪካው በር ላይ ሲቆም በቅድሚያ የሚጠየቀው የትምህርት ማስረጃ ነው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቹ በየደረጃው ያሠለጥናሉ፣ ሠልጣኙም ሲኦሲ በተባለው የብቃት ምዘና ያልፋል፤ ሆኖም ወደ ደረጃው ሥልጠና ለመግባት የመደበኛ ትምህርት ማስረጃ ያስፈልጋል። የጎልማሶቹ ትምህርት ደግሞ ንባብና ስሌት አስተምሮ ይተዋል። በሁለቱ መካከል ባለው ሰፊ ቦታ ማንም አልቆመበትም፤ ሥራ ፈላጊ ተብሎ በወረዳው መዝገብ ስሙ የተጻፈው ብዙው ሰው ያለው ግን በዚያ ቦታ ነው። በ2014 ዓ.ም. የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲቋቋም ሥራና ሥልጠና በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር መግባታቸው መልካም ሆኖ ሳለ፣ መሠረተ ትምህርቱ በትምህርት ሚኒስቴር በኩል ስለ ቀረ ድልድዩ ገና አልተሠራም።

ከኛ ራቅ ባለ አገር፣ በዴንማርክ፣ ግሩንትቪግ የተባለ ካህን ባስተማረው ትምህርት መነሻነት በፈረንጆች 1844 ዓ.ም. ለጎልማሳ ገበሬዎች የተከፈተው ትምህርት ቤት ያፈራቸው ቤቶች እስከ ዛሬ አሉ፤ ያጸናቸውም ነገር ቤት፣ መምህርና የማይቋረጥ ጊዜ ነው። ይህን ለመረዳት ግን ዴንማርክ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ጉባኤ ቤቱ፣ መርሐ ዕውራኑና አለምገና በደጃችን አሉና።

ስለዚህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ላላችሁ ሹማምንት የማቀርበው ልመና ይህ ነው፤ በ12ቱ ክፍለ ከተሞች ቢቻል በእያንዳንዱ፣ ባይቻል አስቀድሞ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ ለጎልማሳ ብቻ የተሠራ፣ ማታ መብራት የሚበራበት፣ ለትልቅ ሰው የሚሆን ወንበር ያለው አንድ አንድ ቤት አቁሙ፤ መምህሩን እንደ ማንኛውም መምህር በደመወዝ ቅጠሩት፤ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይማሩበት፤ ንባቡን የጨረሰውንም ሰው ያለ መደበኛ ትምህርት ማስረጃ ወደ አጫጭር የሙያ ሥልጠና፣ ከዚያም ወደ ምዘናው የሚያሻግር ደንብ ከኮሌጆቹና ከፋብሪካዎቹ ጋር ተስማምታችሁ አውጡ። ሌላ ዘመቻ ግን አትጥሩ።